ሳይጠሩ የቀሩ አሥራ አንድ ቤቶች

ራዕይ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የተማረችው ደንበኛ ጥሎት ከሄደ ወረቀት ነው። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ሚኒባሶቹ ዞረው ከሚጭኑበት ጀርባ፣ አንድ ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ እዚያ ስትሠራ አምስት ዓመት ሆኗታል። አንድ ጠዋት አንድ ሰው በፍላሽ መጽሐፍ ይዞ መጣና «ሙሉውን አትሚልኝ፣ ከሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። መቶ ሰማንያ ገጽ ወረቀት ከጠረጴዛው ጥግ ወር ሙሉ ተቀመጠ። አሠሪዋ በጀርባው ረቂቅ ሊያትሙበት ወሰኑ። ራዕይ ሳታነበው ግን አንድም ገጽ ወደ ማተሚያው አልገባም። የገባትን ለረቂቅ ትሰጣለች፣ ያልገባትን መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀራለች። በዓመቱ መሳቢያው ባዶ ሆነ።

የመጀመሪያ ፕሮግራሟ ማመልከቻ የሚሞላ ነበር። ስም፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥርና ጉዳዩን ስትነግረው ደብዳቤውን አሰናድቶ ያቀርባል። አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ አምስት ደቂቃ አደረገው። ለማንም አልተናገረችም፤ ደንበኞቹ እጇ ፈጣን የሆነ መሰላቸው።

ዝምተኛ ናት። አባቷ ጉራጌ፣ እናቷ ኦሮሞ፣ ሁለቱም የተገናኙት ጸሎት ቤት ነው። እሑድ እሑድ የመዝሙሩን ግጥም ግድግዳው ላይ የምታወጣው እሷ ናት፤ ከሁሉም ኋላ፣ ከላፕቶፑ ጀርባ። ሥራው ይስማማታል፤ በትክክል ከሠራችው ማንም አያያትም። አንድ ጊዜ ያልሆነ ስንኝ ወጥቶ ሦስት መቶ ሰው አንገቱን አዙሮ ሲያያት የተሰማትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ብዙዎቻችን የምንፈራው ስህተቱን ሳይሆን ዞሮ የሚያየንን ዓይን ነው። ይህን ያነሳሁት ልወቅሳት ፈልጌ አይደለም፤ በኋላ ያደረገችው ነገር ከየት እንደ መጣ እንዲታወቅ ነው።

የሰፈራችን እድር የወንዝ ዳር እድር ይባላል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤት አለው። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ጋሽ ጀይሉ ማለዳ በየመንደሩ ዞረው ይለፍፉ ነበር። አሁን ግን ጉልበታቸው ታመመ፤ በዚያ ላይ ቀራንዮ በኩል ፎቅ በዛ። ጥበቃዎቹ «እዚህ ጡሩምባ አይነፋም» እያሉ ከበር ይመልሷቸዋል። ስለዚህ ሰብሳቢው ጋሽ ዳኛቸው፣ በመንገድ ሥራ ቀያሽ ሆነው ጡረታ የወጡት፣ አንድ ቀን የጽሕፈት ቤቱን በር ከፍተው ገቡና «ልጄ፣ ኮምፒውተር ሰውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥራት ይችላል ይባላል፤ እውነት ነው?» አሏት።

«ይችላል» አለች።

አባላቱን ከትልቁ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ራዕይና የእድሩ ጸሐፊ ሰብሌ ናቸው፤ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ሲም ካርድ የሚገባበት አሮጌ ሞደም ተገዛ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቤት በየተራ ይወስድና የባልንና የሚስትን ስም ከላይ አድርጎ መልእክት ይጽፋል፦ «ለአቶ እገሌና ለወይዘሮ እገሊት ቤተሰብ»። ጋሽ ዳኛቸው ናቸው እንደዚህ እንዲሆን የፈለጉት። «ሰው ለሐዘን የሚጠራው በስሙ ነው፤ ‹ውድ ደንበኛችን› ተብሎ አይደለም» አሉ። ልክ ነበሩ። ራዕይም ደስ ብሏት እንዳሉት አደረገች።

መጀመሪያ የሞተው የሰፈሩ አናጢ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ዳኛቸው፣ ጋሽ ጀይሉና ሰብሌ ራዕይን ከበው ቆሙ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ራዕይ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ሞደሙ እየበራ እየጠፋ ስድሳ ሦስት ቤት ጠራ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወረደና ሁሉም ነገር ቆመ።

«ቆመ እንዴ?» አሉ ጋሽ ዳኛቸው።

«ቆመ።»

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፍተው ቀዩን እንግሊዝኛ ፊደል በፊደል አነበቡት። «ምን ማለት ነው ይሄ?»

«የትዳር ጓደኛ የሚባል ነገር የለውም ይላል።»

«ማን?»

«እሱን አይናገርም። ‹አባል› ብቻ ነው የሚለው።»

«ሁለት መቶ አሥራ አራታችንም አባል ነን እኮ!»

ጋሽ ጀይሉ በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጡሩምባቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ጉልበታቸው ላይ ነው። «የእኔዋ ስትበላሽ እንኳ የት ጋ እንደተሰነጠቀች በጣት ይነካል» አሉ። ሰብሌ ሳቀች። ራዕይ አልሳቀችም፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ግሎ ነበር።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። ፕሮግራሙ መልእክቱን ለመጻፍ የባልና የሚስት ስም ይፈልጋል። ስድሳ አራተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ያንን የሚያገኝበት ቦታ በሰውየው መዝገብ ውስጥ የለም። ፓይተን የሌለ ነገር ሲጠየቅ አይገምትም፤ ሥራውን ጥሎ ይቆማል። ከቆመ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያሉት ቤቶች ሁሉ ሳይጠሩ ይቀራሉ።

ያ ቤት የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ያስፈልጋል። አጠገቧ ሰዓታቸውን የሚያዩ ሽማግሌ አሉ፣ ድንኳን የሚተክል ሰው ገና አልተጠራም፣ አስከሬኑ ገና ቤት ውስጥ ነው። ራዕይ ሁለት መስመር ጻፈች። ትርጉማቸው «የሌለ ነገር ካጋጠመህ ዝም ብለህ ወደሚቀጥለው እለፍ» ነው። እንደገና ተጫነች። ሞደሙ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ስክሪኑ ላይ «ተጠናቀቀ» የሚል ቃል ወጣ።

«ጎበዝ!» አሉ ጋሽ ዳኛቸው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው። «እንዲህ ነው እንጂ!»

በማግስቱ ማነው የጎደለው ብላ ልትፈትሽ አስባ ነበር። በማግስቱ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ቅጽ የሚያስሞላ ሰልፍ እስከ መንገዱ ወጣ። በሳምንቱ ረሳችው። ፕሮግራሙ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ቀይ ጽሑፍ አላሳየም፤ በእያንዳንዱ ለቅሶ «ተጠናቀቀ» ይል ነበር። የማያጉረመርም ነገር ደህና ይመስላል።

ሰባት ወር አለፈ።

አንድ ሐሙስ ጋሽ ዳኛቸው በእጃቸው የጻፉት ረቂቅ ይዘው መጡ። «ይቺን በማኅተሙ ወረቀት ላይ አውጪልኝ፤ አንድ ቅጂ ለመዝገብ» አሉና ለሌላ ጉዳይ ወጡ። ራዕይ እንደ ሌላው ደብዳቤ ሁሉ ትርጉሙን ሳታስብ መተየብ ጀመረች። በሦስት ተከታታይ ቀብር ላይ ያለ በቂ ምክንያት ስላልተገኙ፣ በደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ስምዎ ከአባላት መዝገብ የሚሰረዝ መሆኑን፣ መቃወሚያ ካለዎት በመጪው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቀርበው እንዲያስረዱ እናሳውቃለን ይላል። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ የተቀባዩን ስም ጻፈች፦ ለወይዘሪት ዘመነች ቀለመወርቅ።

ወይዘሪት የሚለው ላይ እጇ ቆመ። እትዬ ዘመነችን ታውቃቸዋለች፤ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አላገቡም።

ረቂቁን አስቀምጣ ያንን ፕሮግራም ከፈተች። ሁለቱን መስመሮች አወጣችና የሚዘለው ቤት ሲኖር ስሙን እንዲጽፍ አደረገች። አሥራ አንድ ስም ወጣ። ስድስተኛው ዘመነች ቀለመወርቅ ነበር።

ጋሽ ዳኛቸው ሲመለሱ ደብዳቤው ታትሞ ጠበቃቸው። «አሳዛኝ ነው» አሉ እያጣጠፉት። «ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩ አባል። ዕድሜ ሲገፋ ሰው ይኮራል መሰለኝ።» ራዕይ ያየችውን ሳትናገር የመዝገቡን ቅጂም አቀበለቻቸው። ደብዳቤውን ይዘው ሄዱ።

ሱቁን ስትዘጋ ሰማዩ ገና ብርሃን ነበር። ቤቷ አልገባችም። በቀራንዮ በኩል ወደ ወንዙ ወረደች።

እትዬ ዘመነች ከወንዙ በላይ ባለች የቀበሌ ቤት ለብቻቸው ይኖራሉ። የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የቁልፍ ቀዳዳ ሲበሱ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት፤ የቀኝ አውራ ጣታቸው አሁንም ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። በሩን ከፍተው ራዕይን አዩ፤ ግቢ አላሏትም። ደብዳቤው ከኋላቸው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።

«እትዬ፣ ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ።»

«ጽሕፈቱ ያምራል» አሉ።

«መልእክቱ እንዳይደርስዎ ያደረግኩትም እኔ ነኝ።»

ራዕይ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። አንድም ነገር አላስቀረችም፤ ሁለቱን መስመሮች፣ ጋሽ ዳኛቸው ትከሻዋን መታ መታ ማድረጋቸውን፣ በማግስቱ የረሳችውን። እትዬ ዘመነች የበሩን ጠርዝ ይዘው አዳመጧት።

«ባል ስለሌለኝ ነው?»

«ፕሮግራሙ ሁሉም ሰው ባለትዳር ነው ብሎ ነው የሚነሳው። እንደዚያ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ አግብተሻል?»

«ኧረ አላገባሁም።»

«ታዲያ ራስሽንም ረስተሻላ።»

ራዕይ አንገቷን ደፋች። እትዬ ዘመነች ወደ ውስጥ ገብተው አንድ የፕላስቲክ ወንበር አወጡና በሩ ላይ አስቀመጡት፤ ራሳቸው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«የመጀመሪያውን ቀብር ስሰማ» አሉ፣ «ስልኬ የተበላሸ መሰለኝ። ስልክ ጠጋኙ ጀላል ሱቅ ሄጄ አስፈተሽኩት። ‹እትዬ፣ ስልኩስ ደህና ነው፤ የሚደውል ሰው ነው የጠፋው› ብሎ ሳቀብኝ። መቼም ቀልዱን ነው። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ያንን እያሰብኩ መጣሁ። ሁለተኛው መቀበሩን ቤተ ክርስቲያን ሰማሁ፤ በሦስተኛው ቀን። ሦስተኛዋ ደግሞ አብራኝ ፋብሪካ የሠራች ናት። ተቀብራ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰው ሁሉ ተበትኖ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ምነው አልጠየቁም?»

«ምን ብዬ? ‹ለምን ሳትጠሩኝ ቀራችሁ› ብዬ? ተተውኩ ብሎ የሚያስብ ሰው እንደዚያ አይጠይቅም፣ ልጄ። ያፍራል።» የበሩን ሳንቃ በታጠፈው ጣታቸው ነኩ። «አምና ክረምት ሦስት ቀን ታምሜ ተኛሁ። በሬን ያንኳኳው ጀይሉ ነው፤ ‹ለቅሶ ላይ አላየሁሽም› ብሎ። ሌላ ሰው የለኝም። ከዚያ መዝገብ ከወጣሁ፣ ይሄ በር ሳምንት ቢዘጋ ማን ምን አገባው?»

ራዕይ ወንበሩን ወደ ደፉ አስጠጋች።

«እሑድ ይህንኑ በሰው ፊት ትናገሪያለሽ?» አሏት እትዬ ዘመነች።

«እናገራለሁ።»

«እንግዲህ እዚያ እንገናኝ» አሉና ወንበሩን ሊያስገቡ ተነሱ። አልተቆጧትም፣ አልረገሟትም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም።

ዓርብና ቅዳሜ ራዕይ ደንበኛ ባጣች ቁጥር ፕሮግራሙን ትጽፍ ነበር። በፓይተን አንድ መዝገብ የሌለውን ነገር ሲጠየቅ፣ ከመውደቁ በፊት የሚያልፍበት አንድ የመጨረሻ ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዲመልስ መጻፍ ይቻላል። መጀመሪያ የጻፈችው «ባዶ መልስ» ብላ ነበር። ፕሮግራሙ ሳይንገራገጭ ሄደ። ለመፈተን ከአንዱ ቤት ላይ ስልክ ቁጥሩን አጠፋችና እንደገና አስኬደችው። «ተጠናቀቀ» አለ፤ ስልክ ለሌለው ሰው ባዶ ቁጥር ላይ ልኮ ደረሰ ብሎ መዘገበ። ያቺው የድሮዋ ጥፋት ናት፣ ልብስ ቀይራ የመጣች። አጠፋችው።

ከዚያ ወረቀት አወጣችና ያኔ ጋሽ ዳኛቸው የጠየቋትን ጥያቄ ጻፈች፦ ማን? ቀጥሎ፦ ምን ጎደለው? ምን አለው? አሁን ምን ይደረግ? ፕሮግራሙ ሲቸገር እነዚህን አራቱን በአማርኛ ሳይመልስ እንዳይቀር አደረገችው። አንድ ቤት ላይ ቢቸገር ሌሎቹን መጥራቱን ይቀጥላል፤ የተቸገረበትን ግን አይውጠውም፤ መጨረሻ ላይ ዘርዝሮ ያወጣል። ያልተሟላ ነገር እስካለ ድረስም «ተጠናቀቀ» የሚለውን ቃል እንዳይጽፍ ከለከለችው።

ማንንም ሳይጠራ የስሙ ክፍል ብቻ በዚህ መንገድ ሲፈተሽ ከአሥራ አንዱ ቤቶች አራቱ ባለትዳሮች ሆነው ተገኙ። ሰብሌ ያስገባቻቸው ናቸው፤ «የትዳር ጓደኛ» በሚለው ፈንታ «ባለቤት» በሚል ርዕስ ሞልታቸዋለች። አዲሱ ፕሮግራም ይህንንም ተናገረ፦ «የትዳር ጓደኛ አልተመዘገበም፤ ‹ባለቤት› የሚል ግን አለ፤ እሱን ለማለት ተፈልጎ ይሆን?» ራዕይ ስክሪኑን አይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። የቀሩት ሰባቱ ለብቻቸው የሚኖሩ ናቸው። ከአሥራ አንዱ ብዙዎቹ ለቅሶውን ከጎረቤት እየሰሙ ስለሚመጡ መዘለላቸውን ማንም አላወቀም ነበር።

እሑድ የእድሩ አዳራሽ ሞላ። የቆርቆሮው ግድግዳ በፀሐይ ግሏል። እትዬ ዘመነች ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ከፊት ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጋሽ ዳኛቸው አጀንዳውን አንብበው ሳይጨርሱ ራዕይ ተነሳች። ሰው ፊት ስትናገር ማንም አይቷት አያውቅም፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። ወረቀቷን በሁለት እጇ ዘርግታ ስትይዝ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጬ ይታየኝ ነበር።

«እትዬ ዘመነች አልቀሩም» አለች። «አልተጠሩም። አሥራ አንድ ቤት አልተጠራም።»

ጉምጉምታው ሲበረታ ጋሽ ዳኛቸው እጃቸውን አነሱ። ሊያድኗት ፈልገው ይመስለኛል፦ «ኮምፒውተሩ ተሳስቷል ማለት ነው። መሣሪያ ነው፣ ይሳሳታል፤ የልጅቷ ጥፋት አይደለም።»

መውጫ በር ተከፍቶላት ነበር። ራዕይ አልወጣችበትም።

«አይደለም፣ ጋሼ። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው ቀን ነግሮን ነበር። እንዳይናገር ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

«በለው!» አለ ጆሲ፣ የሚኒባስ ሹፌሩ፣ ከኋላ። «አፉን ዘግተሽ ጎበዝ ተባልሽ!» ሰው ሳቀ።

«አዎ» አለች ራዕይ። ሳቁ እዚያው ሞተ።

ከዚያ ሌላው ሁሉ አዋቂ ሆነ። አንዱ ተነስቶ ባዶ ቦታው ላይ ሁሉ ጭረት ይደረግና ይለቅ አለ። ራዕይ ጭረቱ ስልክ ቁጥር ቦታ ላይ ቢሆን ወደ ጭረት ልኮ ደረሰ እንደሚል አስረዳች። ሰብሌ ላላገቡት የወንድም ወይም የእህት ስም ይግባ አለች። ያን ጊዜ እትዬ ዘመነች ከተቀመጡበት ተናገሩ።

«የሌለኝን ሰው አትጻፉልኝ። እኔ አንድ ነኝ፤ አንድ ተብዬ ልጠራ።»

«ልክ ነዎት፣ እትዬ» አለች ራዕይ። «አሁን በእርስዎ ስም ብቻ ይጠራል።»

ጋሽ ዳኛቸው ግን የደንብ ሰው ናቸው። ደንቡን ገለጡ። «አንቀጽ ዘጠኝ ሦስት ቀብር የቀረ ይላል። ያልተጠራ የሚል የለውም። ዛሬ ለአንድ ሰው ብናጥፈው ነገ ሁሉም አልተጠራሁም ይላል።» ክፋት አልነበረባቸውም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ እድሩን ያቆመው ያ ደንብ ነው። እትዬ ዘመነች ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ሲያስተካክሉ አየሁ፤ ለመውጣት እንደሚዘጋጅ ሰው።

ጋሽ ጀይሉ በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን፣ በሌላው ወንበሩን ይዘው ተነሱ።

«ዳኛቸው፣ እኔ አልተማርኩም» አሉ። «እኔ ስዞር በሩ ካልተከፈተ አልፌ አልሄድም ነበር። አንኳኳለሁ። ካልመለሱ ጎረቤት እጠይቃለሁ። ጎረቤት ካላወቀ ላንተ መጥቼ እነግርሃለሁ፤ ‹የእንትና ቤት ዝግ ነው› ብዬ። ሦስት ጊዜ ስትቀር አንድ ሰው ልከህ አስጠይቀሃል? ደብዳቤ ነው የላክኸው። ልጅቷ ሁለት መስመር ጻፈች፤ አንተ አንድ ገጽ ጻፍህ።»

ጋሽ ዳኛቸው ደንቡን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት፤ ከዚያ ዘጉት።

«ልክ ነው» አሉ። «አላስጠየቅኩም።» ወደ በሩ ዞረው ቆሙ። «ወይዘሪት ዘመነች፣ እድሩ ስላልጠራዎት እድሩ ነው የቀረው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ሦስቱ ቀብር እንዲነሳልዎት የሚስማማ እጁን ያውጣ።»

እጅ ወጣ። ሰብሌ ልትቆጥር ጀምራ ተወችው፤ ያላወጣ አልነበረም።

እትዬ ዘመነች አላመሰገኑም። «እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?» አሉ። «አሁን ጥሪኝ። እዚሁ።»

ራዕይ ላፕቶፑን ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ከፈተች፣ ሞደሙን ሰካች፣ ለአሥራ አንዱ ቤት ብቻ አጭር መልእክት አዘጋጀች። ጋሽ ዳኛቸው ከኋላዋ ቆመው «የሞተ እንደሌለ ጻፊ፣ ሰው እንዳይደነግጥ» አሉ። ሳቅ ሆነ። ተጫነች። የእትዬ ዘመነች ስልክ ከቦርሳቸው ውስጥ ጮኸ። አወጡት፣ ዓይናቸውን አጥብበው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦ «ለወይዘሪት ዘመነች ቀለመወርቅ። ይህ የወንዝ ዳር እድር ሙከራ ነው። የሞተ ሰው የለም።» እዚህም እዚያም ሌላ ስልክ ጮኸ፤ የጮኸላቸው ሰዎች እጃቸውን እያወጡ «ደረሰኝ» አሉ።

ስክሪኑ ላይ ግን «ተጠናቀቀ» አልወጣም። ጋሽ ዳኛቸው መነጽራቸውን ገፍተው አነበቡ፤ አሁን ፊደል በፊደል አልሆነባቸውም። «‹ቀዳማዊ› በሚለው መዝገብ ላይ ‹ስልክ› አልተመዘገበም። የተመዘገቡት፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ አባል የሆነበት ዓመት። መልእክቱ አልተላከም። ሰው ሄዶ ይንገረው።»

«ቀዳማዊ ማነው?» አለ ጆሲ።

ከመካከላችን የሚያውቀው ያለ አይመስልም ነበር።

«እናቱ ሲሞቱ ቦታቸውን የተካው ልጅ ነው» አሉ እትዬ ዘመነች። «ብረት በያጅ ነው። አዲሱ ፎቅ ውስጥ፣ አራተኛው ላይ። እናቱን እኔ ነኝ የገነዝኳቸው። ከዚያ ወዲህ ድንኳን ውስጥ አይቼው አላውቅም። ያኮረፈን መስሎኝ ነበር።» ተነሱ። ነጠላቸውን አጣፉና ራዕይን አዩዋት። «ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ።»

ስብሰባው ሌሎች አጀንዳዎቹን ቀጠለ። እኔ ወንበር ለመመለስ የወጣሁ መስዬ ተከተልኳቸው። እትዬ ዘመነች ቀስ ብለው፣ ራዕይ ደግሞ እርምጃዋን ከእሳቸው ጋር እያመጣጠነች፣ የኮብልስቶኑን ዳገት ወጡ። መንገዱ ላይ ብዙ አላወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ እትዬ ዘመነች ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ክንዷን ያዙ፤ ከዚያ በኋላ አለቀቁትም።

የፎቁ ጥበቃ «ለማን ነው?» አለ። «ለአባላችን» አሉት፤ አሳለፋቸው። አራተኛው ፎቅ ላይ በሩን ያንኳኩት እትዬ ዘመነች ናቸው። ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። ሬዲዮው ጠፋ፣ በሩ ተከፈተ፣ የሥራ ቱታ የለበሰ፣ ዓይኑ በብየዳ የቀላ ወጣት ብቅ አለ። እትዬ ዘመነችን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የእድር ሰው በር ላይ ሲቆም ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስበው።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም» አለች ራዕይ፣ እስክሪብቶዋን አውጥታ። «ስልክህን ልንጽፍ ነው የመጣነው።»